የእድሩ ላፕቶፕና የጂቱ ስም

ወርቅአየሁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ስትጽፍ ኖራለች። በአንድ መሥሪያ ቤት ጽሕፈት ክፍል ውስጥ፣ መጀመሪያ ጣት በሚያደክመው የአማርኛ ታይፕ፣ ኋላ ደግሞ በኮምፒውተር፣ ስንቱ አለቃ መጥቶ ስንቱ ሲሄድ ያሉትን ሁሉ ጻፈች። የሹመት ደብዳቤ ጻፈች፣ የስንብት ደብዳቤ ጻፈች። አንድ ጊዜ የራሷን የደረጃ እድገት የሚከለክለውን ደብዳቤ ሳይቀር ራሷ ጽፋ፣ ሦስት ጊዜ አንብባ፣ ለፊርማ አቅርባለች። አንድም ስህተት አልነበረበትም። ይህን ስታወራ ትስቃለች፤ ግን በዓለም ላይ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ከእጇ የወጣ ወረቀት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሳይነበብ ወጥቶ አያውቅም።

ጡረታ ስትወጣ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለው የሰፈሯ እድር እረፍት አልሰጣትም። “ጸሐፊ ሁኚልን” አሏት፤ ሆነች። ልጅ የላትም፣ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጊዜ ሞልቷታል። የእድሩ መዝገብ ያን ጊዜ ጀርባው የተገነጠለ፣ በስድስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ የተሞላ፣ የሞተው ሳይሰረዝ የተወለደው በጎን የተጨመረበት አሮጌ ደብተር ነበር። ወርቅአየሁ ያን ደብተር ባየች ቁጥር ያማታል። ሁለት ጠቅላላ ጉባኤ ሙሉ ተከራክራ፣ እድሩ ከኮተቤ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ እንዲገዛ አስወሰነች። ደብተሩ ተዘጋ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅታ፣ ቤት ለቤት እየዞረች ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም ሞላች። “አንድ ቀን ይሄ ማሽን ጉድ ያደርገናል” አሉ ሰብሳቢው አቶ ገላው። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ቅጹ ላይ “አባሉ ቢሞት እድሩ የሚያስተዛዝነው” የሚል አንድ ረድፍ አለ። በደንቡ መሠረት በሠልስት ቀን ሰብሳቢው ተነሥቶ እዚያ ረድፍ ላይ ያለውን ስም ጮክ ብሎ ያነባል። የእድሩ ሰው ሁሉ የሚያጽናናው፣ ፍራሹ ላይ ከፊት የሚቀመጠው ያ ሰው ነው። ቤትና ንብረት በሌላ ቦታ የሚታይ ነገር ነው፣ እድር አያገባውም። በሰፈሩ ውስጥ ማን የማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን በዚህች ረድፍ ነው።

እትዬ አስረሳሽ ተራቸው ደርሶ ቅጹን ያስሞሉት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ነበር። ሰማንያን ያለፉ፣ ባላቸውንም ወንድማቸውንም የቀበሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ወርቅአየሁ ያችን ረድፍ ስትደርስ፣ “ማን ልበል?” ብላ ጠየቀች።

“ጂቱ በዳዳ በይ።”

“ዝምድናዋን?”

“ልጅ።”

ወርቅአየሁ ቀና ብላ አየቻቸው። ጂቱን የማያውቅ የለም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮ ተሸክማ ስትወርድ፣ የክረምት ጭቃ አንሸራትቷት እትዬ አስረሳሽ በር ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። እግሯ እስኪጠገን ብለው አስገቧት፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነ። ደመወዝ ሲከፈላት ያየ የለም፤ በሰው ፊት “ልጄ” ስትባልም የሰማ የለም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ናት። ሰዉም “ጂቱ፣ የእትዬ አስረሳሽ” ይላል፤ ምናቸው እንደሆነች ሳይጨርስ ይተወዋል።

“ታዲያ ለሷ ለምን አይነግሯትም?”

“አፌ አልፈታልኝ አለ” አሉ እትዬ አስረሳሽ። “ስንት ዓመት ሳልል ቆይቼ አሁን ምን ብዬ ልጀምር? አንቺ ጻፊው ብቻ። ቀኑ ሲደርስ ይነገራታል።”

ጻፈች። ሦስት ጊዜ አነበበች። አስቀመጠችው።

ቀኑ ዘንድሮ በየካቲት ደረሰ። እትዬ አስረሳሽ እሑድ አርፈው ሰኞ ተቀበሩ። እድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩን ደረደረ። ከአዳማ የወንድማቸው ልጅ ስምዖን መጣ፤ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ የተረጋጋ፣ ጨዋ ሰው ነው። አክስቱን በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢያያቸው ነው፤ ግን ሌላ የሥጋ ዘመድ ስላልነበረ ፍራሹ ላይ ከፊት ተቀመጠ። ጂቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቀብር መልስ ለለቀስተኛው ውሃ ታቀርባለች፣ ሰሐን ታጥባለች፣ ወንበር ታቀብላለች። “አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም እኮ” ተባባሉ ሴቶቹ። መቼ ታልቅስ? አንድ ሰው “ውሃ” ይላል፣ ሌላው “ማንኪያ” ይላል። ስምዖንም፣ ክፉ ሳያስብ፣ “ሠራተኛዋ ከሠልስት በኋላ ወዴት እንደምትሄድ ታስብበት፤ መሳፈሪያዋን እኔ እችላለሁ” ብሎ ለኮሚቴው ተናገረ።

ወርቅአየሁ ይህን ስትሰማ በቀጥታ ቤቷ ሄዳ ላፕቶፑን ከፈተች። “የአባላት ቅጽ” የሚለው ፎልደር ባዶ ነው። አንዲት ቀስት ያላት ምልክት ብቻ መሃሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ስትጫናት ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መጠባበቂያ የያዘችበት ፍላሽ ነበራት፤ ከቁም ሣጥኑ አውጥታ ሰካችው። ዓይኗ እያየ በፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ተራ በተራ ጠፍቶ እዚያም ያችው ቀስት ቀረች። ያን ፍላሽ እዚያ ባትሰካው ኖሮ ቅጹን በሌላ ኮምፒውተር ከፍታ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር፤ ግን የደነገጠ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ወደ ድንኳኑ ተመልሳ ኮሚቴውን ወደ ጥግ ጠራች።

“ጋሽ ገላው፣ ጂቱ ልጅ ተብላ ተጽፋለች። እትዬ ራሳቸው ናቸው ያስጻፉኝ።”

“ቅጹን አምጪዋ።”

“ቫይረስ ገብቶ ፋይሉ ሁሉ የለም።”

“ነግሬሽ ነበር” አሉ አቶ ገላው።

ይህች “ነግሬሽ ነበር” ደሟን አፈላችው። “ቫይረሱን ያመጣው የእርስዎ ፍላሽ ነው!” አለች፤ ድምፅዋ ከጥጉ አልፎ ሄደ። “ባለፈው ሳምንት የስብሰባ ማስታወቂያ አትሚልኝ ብለው የሰኩት!”

አቶ ገላው የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው አንድ ሰው ሳይገጩ ጡረታ ወጥተዋል፤ ከእሳቸው እጅ ጥፋት መጣ ሲባል ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። “በቃል የሚነገር ዝምድና ማንበብ ከጀመርን ነገ እያንዳንዱ እየመጣ ‘አስታውሳለሁ’ ይለናል። እስከ ረቡዕ ቅጹ ከመጣ አነባለሁ፤ ካልመጣ የሥጋ ዘመዱን አነባለሁ” አሉ። ደንቡ እንደዚያ ነው። ደንቡን በንጹሕ የጻፈችውም እሷው ናት። የፍላሹ ነገር ግን በዚያው ቀን ሰፈሩን አዳረሰ፤ ማታ ላይ ልጆች ሳይቀሩ “የጋሽ ገላው ፍላሽ” ይሉ ጀመር።

ማክሰኞ ጧት ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ፣ ታክሲ ቀያይራ ኮተቤ ወረደች። ላፕቶፑን የሸጠላቸው ሙክታር ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለው። ከወራቤ ከመጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሩ ላይ “ጥገና፣ ሶፍትዌር፣ ፎርማት” ብሎ ጽፏል። ላፕቶፑን ከፍቶ ያችን ቀስት ሲያይ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

“ፎርማት ነው እትዬ። አርባ ደቂቃ። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ አዲስ ሆኖ ይጠብቅዎታል።”

“ውስጡ ያለውስ?”

“እሱማ ይጠፋል። ቫይረስ በልቶታል እኮ።”

“እጅህን አንሣ” አለች ወርቅአየሁ፣ ላፕቶፑን ወደ ራሷ እየጎተተች። ከዚያ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ጂቱ፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ነገው ሠልስት። ስትጨርስ ሙክታር አንገቱን አከከ።

“እውነቱን ልንገርዎት?” አለ። “መንገድ አለው። መመርመሪያዎቹም ነጻ ናቸው። ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ ሰው ደግሞ አይጠብቅም። የመጣው ሁሉ ‘ቶሎ በል’ ነው የሚለኝ። ስለዚህ ፎርማት አደርጋለሁ። ወላሂ፣ ስንት ሰው የሠርግ ፎቶ እንዳጠፋሁ አላህ ነው የሚያውቀው።”

“እኔ እጠብቃለሁ።”

“ይገኛል ብዬ ቃል አልገባም።”

“እጠብቃለሁ አልኩህ እኮ።”

ሙክታር መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምንም አለመንካት ነበር። የዲስኩን ስፋት ብቻ አየ። “ይኸውልዎት” አለ። “ፎልደሩ ባዶ ነኝ ይላል፤ ዲስኩ ላይ ግን ቦታው እንደተያዘ ነው። አልበላቸውም። ደብቋቸዋል።” ወርቅአየሁ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች።

ከዚያ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት አላቀቀው። በራሱ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ፣ ነጻውን የመመርመሪያ ፕሮግራም ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ገጽ አውርዶ ባዶ ፍላሽ ላይ ጫነ። ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረውን ለምን እንዳልወሰደ ስትጠይቀው፣ “አብዛኛው ራሱ ቫይረስ ነው” አላት። ላፕቶፑም በራሱ ሲስተም ሳይሆን ከፍላሹ እንዲነሣ አደረገ። “የላፕቶፑ ሲስተም ከተነሣ ቫይረሱም አብሮ ይነሣና ይደበቅብናል። እሱ ተኝቶ ሳለ ነው የምንፈትሸው።”

ፍተሻው ተጀመረ። አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ቆመና አንድ ሰዓት ሙሉ አልነቃነቅ አለ። ተማሪዎች ገቡ፣ ወጡ። የስልክ ቻርጀር የሚገዛ መጣ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ፍላሹ ላይ ያጣ መጣ። ወርቅአየሁ ከወንበሯ አልተነሣችም። ሙክታር ምሳ ሲበላ እንኳ “ቁጥሩ ይቀየር አይቀየር ልይ” ብላ ቀረች። ቁጥሩ እሷ ስላየችው አይፈጥንም፤ ይህን ታውቃለች፤ ግን ዓይኗን ማንሣት አልቻለችም። መሃል ላይ ጂቱን አሰበች። ምናልባት አሁን ድስት እየፈተገች ነው። ምን ብላ ትንገራት? “ልጅ ነበርሽ፣ ግን ጠፋብኝ” ልትላት ነው?

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፍተሻው አለቀ። ሃያ ሰባት መስመር ዝርዝር መጣ። የሙክታር ጣት ከልማዱ የተነሣ “ሁሉንም ሰርዝ” ወደሚለው ሄደ።

“ቆይ!” አለች ወርቅአየሁ። “ሳናነበው?”

“እትዬ፣ ይሄን እኮ ማንም አያነበውም።”

“እኔ አነባለሁ።”

መነጽሯን አደረገችና ወደ ስክሪኑ ቀረበች። እንግሊዝኛው የመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ አልነበረም፤ ግን የፋይሉ ስም፣ ያለበት ቦታ፣ የገባበት ቀን በየመስመሩ ተጽፏል። የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። ደግማ አነበበችው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

ሙክታር ጎንበስ ብሎ አየ። “እሱ የገባበት በር ነው። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፤ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረው። የተጫነው ኅዳር 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ከርሞ ባለፈው ሳምንት ሌላ ጎትቶ አመጣ፤ የደበቀው ያ ነው። ደግሞ ይዩት፣ አንቲቫይረሱ ይህን ፎልደር እንዳያይ ተደርጓል። በሰው እጅ ነው የተዘጋው። ማነው የጫነው?”

ወርቅአየሁ ታውቀዋለች። የድሮ መጻፊያዋ አንዳንድ ፊደል እየዘለለ ሲያስቸግራት፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ አዲሱን በፍላሽ ሰጠቻት። “ስትጭኚው አንቲቫይረሱ ይጮኻል፤ ውሸቱን ነው፣ ዝጊው” ብላ መከረቻት። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየማተሚያው አንቲቫይረስ ተዘግቶ ነው አማርኛ የሚጻፈው። ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ። ዘጋችው። ደግሞ መጣ፣ ዘጋችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ “ይህን ፎልደር ሁለተኛ አትይ” ብላ አዘዘችው። ሦስቱንም ጊዜ ምን እንደሚል አላነበበችም።

“የሰብሳቢያችን ፍላሽ ባለፈው ሳምንት እዚህ ተሰክቶ ነበር” አለች በቀስታ። “ከሱ ይሆን?”

“ባለፈው ሳምንት ከሆነማ የሳቸው ፍላሽ ነው ከዚህ የተያዘው።”

ጉንጯ ጋለ። ዝርዝሩን ግን አላቋረጠችም። አራተኛው መስመር ላይ ሙክታር “ይሄማ የፕሪንተሩ ነው፣ ተሳስቷል፤ መመርመሪያዎቹም አንዳንዴ ይሳሳታሉ” ብሎ ለቀቀው። በቀሩት ሃያ ስድስቱ ውስጥ አንድም የአባላት ቅጽ አልነበረም። ያኔ እንዲሰረዙ ሳይሆን ለብቻቸው እንዲታገዱ አደረገ፤ ስህተት ካለ ለመመለስ ነው። ቀጥሎ ከሌላ ድርጅት የመጣ ሁለተኛ ነጻ መመርመሪያ አስነሣ፣ የመጀመሪያው ያለፈው ካለ ብሎ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝር ሦስተኛ መሣሪያም ከፈተ፤ እዚያ ውስጥ ስሙ ትርጉም የሌለው አንድ መስመር አግኝተው አወጡት። መጠባበቂያውንም ፍላሽ እንደዚሁ አጸዱት። በመጨረሻ ሙክታር የተደበቁትን የሚገልጥ አንድ አጭር ትእዛዝ ጻፈ።

ፎልደሩ ሞላ። ሁለት መቶ አሥራ አራት።

ወርቅአየሁ የእትዬ አስረሳሽን ቅጽ ራሷ ከፈተች። ጂቱ በዳዳ፣ ልጅ። ደስታው እንባዋን አመጣው፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ በጣም አፈረች፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባትና የትኛውን እንደምታለቅስ ጠፋት።

“አማርኛ መጻፊያው ይውጣ” አለች እንባዋን ጠርጋ። “በምን እጽፋለሁ ታዲያ?”

“ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ እኮ፣ እትዬ። ነጻ። ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ነበረ።”

ቅጹን አተመላት፣ የፍተሻውንም ሪፖርት። ሪፖርቱ አንድ ገጽ ነው። ከላይ ቫይረሱ መቼና በምን እንደገባ፣ ከታች የእትዬ አስረሳሽ ቅጽ መጨረሻ የተጻፈበት ቀን። ወርቅአየሁ ገጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቅጹ ብቻውን ይበቃል ብላ ተስፋ አድርጋለች።

ረቡዕ ድንኳኑ ሞላ። ቅጹን ለአቶ ገላው ሰጠቻቸው፤ ዓይኗን ሳያዩ ተቀበሏት፣ አነበቡት፣ ለስምዖን አሳለፉት። ስምዖን ረጅም ጊዜ ያዘው።

“እናቴ፣ አይቀየሙኝ” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ይህ ወረቀት ትናንት እንዳልተጻፈ በምን አውቃለሁ? ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ እርስዎ ጋ ነበር።”

የባለጌ ጥያቄ አልነበረም። እሷም ብትሆን ትጠይቀው ነበር። መልሱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ግን ከታች ያለውን ቀን ለማሳየት ከላይ ያለውን ማሳየት ግድ ነው። ለስምዖን ብቻ ሹክ ብላ ልታሳየው አሰበች። ሰኞ የጮኸችው ግን ሹክ ብላ አልነበረም። ዓይኗን ስትመልስ ጂቱ በወንበሮቹ መሃል ጆግ ይዛ ውሃ ታድላለች፤ ስለሷ እንደሚወራ አታውቅም፣ የሰው ብርጭቆ ሲጎድል ብቻ ነው የምታየው።

ወርቅአየሁ ተነሣች። ሰዉ ቀልቡን እንዲሰጣት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ወረቀት ከመሃሉ ማንበብ ስለማታውቅበት ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።

“የእድራችን ላፕቶፕ ፍተሻ። ቁጥር አንድ፣ ቫይረሱ የገባው በአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ የተጫነበት ቀን ኅዳር 11፣ 2016። የጫነችው ወርቅአየሁ።” ቀና አለች። “ስሜ ወረቀቱ ላይ የለም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ማሽኑ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቆኛል፤ ሳላነብ ዘጋሁት። የጋሽ ገላው ፍላሽ ንጹሕ ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በሰው ፊት ስማቸውን አጥፍቻለሁ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

ከኋላ አንድ ሰው “እንዲህ ነው ጸሐፊ!” ሲል ተሰማ፤ ምስጋና አልነበረም። ንባቧን ቀጠለች፤ ሃያ ሰባቱንም መስመር። “የወይዘሮ አስረሳሽ ቅጽ” አለች በመጨረሻ። “መጨረሻ የተጻፈው ጥር 9፣ 2015። ከዚያ ወዲህ አልተነካም።”

ስምዖን ገጹን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። አቶ ገላው ግን እሱን አልጠበቁም።

“ይህች ሴት ሰኞ እኔን አዋረደች” አሉ። “ዛሬ ደግሞ ራሷን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አዋረደች። ውሸት ለመጻፍ የፈለገ ሰው ይህን ምን አስነበበው?”

“ይነበብ” አለ ስምዖን። ተነሥቶም የፍራሹን ፊት ለቀቀና ጎን ሄዶ ቆመ።

አቶ ገላው ቅጹን ከፍ አደረጉ። “እድራችን የሚያስተዛዝነው፣ የሟች የወይዘሮ አስረሳሽን ልጅ፣ ጂቱ በዳዳን።”

ጂቱ ለአንድ ሽማግሌ ውሃ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆው ሞላ፣ እስኪፈስ አላቆመችም። አንዲት ጎረቤት ጆጉን ከእጇ ተቀበለቻት።

“አንቺን እኮ ነው። ልጅ ተብለሽ ተጽፈሻል።”

“ማን ጻፈው?” አለች ጂቱ።

“እኔ ነኝ” አለች ወርቅአየሁ። “ያስጻፉኝ ግን እሳቸው ናቸው። ልጅ በይ አሉኝ። ለሷ ለመንገር አፌ አልፈታልኝ አለ፣ አንቺ ጻፊው አሉኝ።”

ጂቱ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ወደ ፍራሹ ስትሄድ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ የት መቀመጥ እንዳለባት ያላወቀች ያህል ጫፉ ላይ ተቀመጠች፣ ሴቶቹ ይዘው ወደ መሃል አስጠጓት። ከዚያ “እማዬ!” አለች። ሰፈሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአፏ “እትዬ” ሲወጣ እንጂ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ሴቶቹ ከበው ያዟት፤ ሦስት ቀን የተጠራቀመው እንባ አንድ ላይ መጣ።

ጓዳ ውስጥ ያልታጠበ ሰሐን ተከምሮ ነበር። ወርቅአየሁ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችና ማጠብ ጀመረች። ከድንኳኑ የሚሰማው ለቅሶ ልጅ ለእናቷ የምታለቅሰው ነበር።